በስተግራ ጥግ

ትራሙ ሲጥ ብሎ ዳገት ጨርሶ ከሚታጠፍበት፣
ፖርቶ አሮጌው ሰፈር፣ ልብስ በየመስኮቱ ከሚሰጣበት፣
ሲኒማ ቤት አለን፤ ሠላሳ ወንበር ነው፣ ሰባቱ ሰባራ፤
ትኬት ቆራጭ እኔ፣ ማሽን አዟሪ እኔ፣ ጠራጊም በተራ።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንድ የጥንት ፊልም ነው የማሳያቸው፤
አምና የተጣሉት ዘንድሮም መጡልኝ፣ ጠብ ነው ቀጠሯቸው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሰዓት ሠሪው ወጣት አንዲት ልጅ ይወድዳል፤
አድስልኝ ብላ የሰጠችውን ሰዓት ወደ ኋላ ይነዳል።
እሷ ተዝናንታ፣ ሐብሐብ እየገመጠች፣ ወደቡ ስትደርስ
መርከቡ ጭስ ብቻ።
ከዚያ ሳቅ በሳቅ ነው፤ እሱ ባሕር ይወድቃል፣
እናቱ ትጮኻለች፣ ቄሱን ያስነጥሰዋል፣
በመጨረሻም ሠርግ።
መብራት ሳበራ ግን ሠርጉ ይፈርሳል።

«ሌብነት ነው!» ትላለች ቬሪዲያና፣ የሕግ ተማሪዋ፣
ሻርፗን ሳትጠመጥም ብድግ ብላ ከመቀመጫዋ፤
«ብር ቢሰርቅ ኖሮ ታስሩት ነበረ፤
ጊዜ ቢሰርቅባት አጨበጨባችሁ።
መርከቡ ወዴት ነው? እዚያስ ማን ጠበቃት?
አንድ ቀን፣ አንዳችሁ፣ ይህን ጠየቃችሁ?»

«ወይ ልጄ!» ይሏታል ሴኞር አባዲያስ፣ የትራም ነጂው፣
«ፍቅርን በሰዓቱ ተሳፍሮ ያገኘው እስቲ ማን ነው ሰው?
አንዲት ሴት ስትሮጥ በመስታወት አይቼ፣
በር ክፍት አድርጌ ስንቴ ዘግይቻለሁ!
ደመወዜን ቆረጡ፤
እሷን አግብቻለሁ።»
«የእርስዎ በር መክፈት ነው» ትላቸዋለች፣ «የሱ ግን መዝጋት።»

ዳቦ ጋጋሪው ኢዚልዶ ለፍቅሩም ለሕጉም ደንታ የለው፤
«ከቀትር በኋላ ነው ብለው፣ ጥላው ወደ ምዕራብ? ፊልሙ ውሸታም ነው!»
ኦርቴንሲያ ባሏ የሞተባት፣ እንባዋን በጓንቷ ጠርጋ፣
«የኔው ሰውዬ» አለች፣ «አንድም ቀን አላስቀረኝ፤
ሂጂ ነበር የሚለኝ።
ሄጄ ተመለስኩኝ። መሄዴን አላወቀ።»

ዶና ዜፌሪና ግን፣ ከፊት ረድፍ፣ ከግራው ዳር፣
ሲሳቅም አይስቁ፣ ሲለቀስ አያለቅሱ፤
ሠርጉ ሳይጀመር ኮታቸውን ለብሰው ውልቅ ነው የሱ የሱ።
አንድ ሐሙስ ቬሪዲያና በሩ ላይ ጠበቀች፦
«እርስዎስ ምን ይላሉ? ሌባ ነው? አፍቃሪ?»
«ማን?»
«ሰዓት ሠሪው።»
«እሱን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁት።

ወደቡ ላይ ቆሞ ማሪኝ ሲላት፣ በስተግራ ጥግ፣
የዓሣ ቅርጫት በራሷ ይዛ የምታልፍ አለች፤
ኢዳሊና ናት፣ እኅቴ።
ካሜራ መኖሩን አላወቀች፤ ሒሳብ ስታሰላ ነበር መሰለኝ።
በዚያው ክረምት ሞተች። ፎቶ የላትም።
አራት ሰከንድ ናት።
ትኬት የምገዛው ለአራት ሰከንድ ነው፤
የቀረውን ፊልም እናንተ ተካፈሉት።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ሰዓት ሠሪው በጉልበቱ ሲንበረከክ
የሰማው አልነበረም።
አንገት ሁሉ ወደ ግራ።
እኔም ከማሽኑ ጋ፣ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ፣ ፍጥነቱን ቀነስኩት፤
አራቷን ሰከንድ ሰባት አደረግኋት።
ቬሪዲያና ብቻ ዞራ አየችኝና
ምንም አላለችም።

መብራት ሳበራ፦ «ፈገግ ብላለች!» አሉ አባዲያስ።
«ፀሐይ ነው ያጨፈገጋት» አለ ኢዚልዶ፣ «ጥላውን አታዩም?»
«ለሰው ነው የሳቀችው» አለች ኦርቴንሲያ፣ «ከቅርጫቱ ማዶ ለቆመ ሰው።»
ዶና ዜፌሪና ኮታቸውን መልሰው አወለቁ፤
ወንበራቸውን ወደ ጠቡ አዞሩና፣
«ደግሞ ቅርጫቱ» አሉ፣ «የኔ ነበር።»