ስምንት ደቂቃ

ወንድሜ ሌሼክ ነው ቅጹን የላከልኝ፣
"ሞልተሽ ፈርሚ ብቻ፣ ክፍል ተገኘ" አለኝ።
ከግዳንስክ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሩቅ ያለ ቆራጥ ነው፤
ሲነድ ያደረ ምድጃ የማጠፋው እኔ ነኝ፣ በየማለዳው።

ጥያቄ አንድ፦ ልብሱን ለብቻው ይለብሳል?
ይለብሳል። ሸሚዙን ከሹራቡ በላይ ያደርጋል።
ጥያቄ አራት፦ ዕለቱን ያውቃል?
አያውቅም። እኔን እያየ እናቴን ይጠራል።

አርባ ዓመት ትራም ነድቷል፣ በፖዝናን ጎዳና፤
ቅጹ ይህን አይጠይቅም።

ማክሰኞ ይዤው ወጣሁ፣ ቤቱን እንዲያየው፣
የአረጋውያኑን ቤት፣ ከከተማው ጫፍ ያለው።
ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣
"ቢራ ፋብሪካው... አሮጌው ገበያ... ድልድዩ..." ይላል፣
የድምፅ ማጉያዋን ሴትዮ
በአንድ በአንድ ጣቢያ ይቀድማታል።

መጨረሻው ላይ ሰዉ ሁሉ ወረደ።
ቢጫ ግድግዳ፤ ደጁ ላይ በረዶ የሚጠርግ ሰው።
"አባዬ፣ ደረስን፣ ተነስ።"
ክንዴን ያዘኝ፣ እንደ ጀማሪ ተለማማጅ፦
"ነጂ እዚህ አይወርድም።
ስምንት ደቂቃ ይቆማል፣
ሻዩን ፉት ይላል፣
ዞሮ ይመለሳል።"

ቁጭ አልን። ስምንቱንም ቆጠርኩ።
በሩ ተዘጋ፤ ሐዲዱ እንደ ቀለበት ዞረ፤
ቢጫው ግድግዳ በመስኮታችን አልፎ ቀረ።
እሱ እንደ ልጅ ሳቀ።
እኔም ሳቅኩ፤ ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ተጨማደደ።

ሐሙስ ብቻዬን ሄድኩ።
በሰባተኛው ደቂቃ ወረድኩ።
የተጨማደደውን በመዳፌ ዳምጬ፣ ፈረምኩ፤
ጸሐፊዋ ማኅተሟን ስታነሳ
አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦
የክፍሉ መስኮት
ወደ ሐዲዱ ነው የሚያየው?