ዜሮውን የያዘች

መሐል ሜዳ፣ ሰኞ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፤
ጣታችንን ይዞት የውርጭ ድንዛዜ።
ምዕራፍ አራት ነው፤ ስፋትና ዙሪያ።
መምህራችን ገቡ፣ በእጃቸው መለኪያ፤
ሜትር ግን አይደለም፣ የአህያ መጫኛ፣
ሃምሳ ቋጠሮ አለው፤ ሃምሳ ሁለት ነን እኛ።

«መሪ ማን ይሁን?» ሲሉ እጄን አወጣሁኝ፣
እንደ ልማዴ ነው፤ «እኔ! እኔ!» አልሁኝ።
ዐይናቸው አለፈኝ፣ ወደ ኋላ ሄደ፤
«ውብአንቺ፣ ነይ» አሉ መምህር አሥራደ።
ለስም ጥሪ እንኳን በጣቷ የምትመልስ፣
ሳትናገር ገብታ ዝም ብላ የምትመለስ።

ገመዱን ሰጧት። የቱን ጫፍ? የዜሮውን።
«አንቺ እዚሁ ቁሚ፤ ላኪ ሌላ ሌላውን።»
እኔ ተናደድኩኝ፤ ይኼ ምን መሪነት!
ቆሞ ገመድ መያዝ የጉቶ ሥራ ናት።

«ማን ይሮጣል?» አለች፤ «ማን በቃሉ ያሰላል?
ደምሰው፣ ያንተ ድምፅ በጉም ውስጥ ይሰማል።»
ተጣራሁ። ሠላሳ። አርባ አንድ። አርባ ሰባት።
ከጉሙ ማዶ ሆኜ፣ ሳላያት እያመንኳት።

ክፍል ገብተን ስናይ፣ ከሦስቱ ቡድን ጋራ
ቁጥራችን አልገጥም አለ፤ ሳቁ በየተራ።
እኔ አፌን ከፍቼ «ጸሐፊው ነው» ልል ስል፣
ውብአንቺ ተነሣች፤ ድምጿ ስልል፣ ስልል፤
«እጄን በርዶኝ» አለች፣ «ዜሮውን ለቅቄ፤
ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልያዘው አጥብቄ።»

መምህራችን ዝም። ገመዱን አቀበሏት፤
ስለ መሪ አንድ ቃል አላሉም የዚያን ዕለት።

የዕረፍት ደወል ጮኸ። እኛ ግን ጉም ውስጥ ነን፤
እኔ «አርባ ስድስት!» ስጣራ፣ እሷ «ይዣለሁ!» ስትለን።