አትንኩት፣ ይሠራል

ግሮኒንገን፣ ቦዩ ዳር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዝናብና ብስክሌት በመስኮት ሲታይ፣
ዊትስከ ጡረታ ወጣች፤ ኬክ ተቆረሰ፣
ወንበሯ፣ ከነመንሻፈፉ፣ ለእኔ ደረሰ።
የይለፍ ቃሏ ተሻረ፣
ስሟ ከበሩ ተፋቀ፤ አንድ ፋይል ብቻ ቀረ።
«ቁርጥራጭ» አለችው በደች፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለቅም ነበረች።

ልብስ ሰፊ ብጣሽ አይጥልም፤
ለኪስ ባይበቃ ለክርን፣ ማረፊያ አያጣም።
እሷም ከአንዱ ሥራ የተረፈውን
ለሌላው ታቆየዋለች፣ ጽፋበት ቀኑን።

ቅንጭቦቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጉራ የላቸውም።
አንዱ ሦስት መስመር ነው፤ ከዚያ አያልፍም፤
ሰው ስሙን ሲሞላ፣ ከፊት ከኋላ
ያንጠባጠበውን ባዶ ቦታ ሁላ
ጠርጎ ያስገባዋል፤ ማንም አላመሰገነው።
አንዱ ኮማና ነጥብን የሚያስታርቅ ነው፣
ጀርመን ሲገዛ፣ እንግሊዝ ሲሸጥ፣
አንድ ሺህ ዩሮ በአንድ ዩሮ እንዳይለወጥ።
አንዱ ዘበኛ ነው፤ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ላይ፣
ጣት ሁለቴ ቢወርድ፣ አንዴውን ብቻ እንዲያይ።

አሰን ያለው ዳቦ ቤት፣ የብስክሌት ጥገና ቤት፣
የጠፋች ድመት ማስታወቂያ፣ የመዘምራን ምዝገባ ሰሌዳ፣
የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ…
ድሩ የደንበኛው ቢሆን፣ ማጉ የእሷ ነው።

በየራሳቸው ላይ፣ በሁለት ጭረት ተከልሎ፣
ማሽኑ የማያነበው፣ ሁሌ የሚያልፈው ዘሎ፣
የእሷ ቃል ተቀምጧል።
«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። የዬለ ትኩሳት አልበረደም። ይህ ግን ሠርቷል።»
ሌላው ጋ፦ «ይቅርታ፣ አስቀያሚ ነው።»
ዘበኛው ራስ ላይ ደግሞ፣ በትልልቅ ፊደል፦
«ለምን እንደሚሠራ አላውቅም። አትንኩት፣ ይሠራል።»

ሳቅሁ። ይህን ሥራ የሚያውቅ፣ ማን አለ ያልሳቀ?

በኅዳር፣ ዊንስኮተን ያለ የቀብር ቤት መዝገብ ስመረምር፣
የሌሊቱን ጥያቄ መስመር በመስመር፣
አንድ ሰው አየሁ። ስሙን አይደለም፣ ሰዓቱን።
«ለማን?» የሚለው ጋ ጽፏል፦ «ለባለቤቴ»።
ሣጥን መርጧል፦ ጥድ፣ እጀታው ገመድ፤
ከዚያ «ላክ»ን ጫነ፣ ዘጠኝ ጊዜ፣ አንድ በአንድ።
ዘበኛው ስምንቱን ከበር መልሷል።
አንድ ሣጥን ብቻ ታዟል።
ያን ቀን ገባኝ ለምን እንደሚሠራ።
ልነግራት ደወልኩ፤ ስልክ አላነሣችም፤
ጀልባ ላይ ናት አሉ፣ ከዬለ ጋራ።

የቀኑ ቅንጭብ ላይ ግን ተጣላን፤
የራሴን ልደት ሞከርኩበት፣ ጳጉሜ ሦስትን።
በቀይ ጮኸ፦ «አሥራ ሦስተኛ ወር የለም።»
የለም? እኔ ታዲያ መቼ መጣሁ ወደ ዓለም?
ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ ሙከራው ሰባት ቦታ ተሰበረ፤
ስጠግን ሳንድዊቼ ደረቀ፤ ሲመሽ አንዱ ብቻ ቀረ፤
እሱም ዝናቡ ሲያባራ ገባ።
ራሱ ላይ፣ በሁለት ጭረት ከልዬ፣ እኔም ጻፍኩ፦
«ከአሥራ ሁለት በኋላም አምስት ቀን አለ፤ አንዳንዴ ስድስት።
እንግዳወርቅ ነኝ፤ እኔ ጨመርኩ።»

ወንበሩን የሚወርስ ሰው ያነበዋል፤
ወይም አያነበውም።
ማሽኑ እንደሆነ ይዘለዋል።