መስኮቱ የበላው ደረሰኝ

ሐምሌ ገባ አሉኝ፤ ጉሙ ሳይገለጥ
ከጠባሴ ወረድኩ፥ ጭቃውን ስረግጥ፤
በፌስታል ጠቅልዬ፥ የዓመት ወረቀቴን፣
ላሳይ ለገቢዎች፥ ያደስኩትን ቤቴን።

ሠላሳ አንድ ዓመት፥ ብርድ ልብስ ስሸምን፣
ሙቀት ለሀገሩ፥ በሜትር ስተምን፣
ጓሮዬ ያሉት ግን፥ ሦስቱ ሰርቪስ ቤቶች
ነበሩ ለነፋስ፥ የማይዘጉ በሮች።
የደብረ ብርሃን ብርድ፥ እንግዳ አይመርጥም፤
ስንጥቅ ካገኘ ገብቶ፥ ቁጭ ይላል፥ አይወጣም።

ተከራዬ ዘርትሁን፥ ልጅ ከሞላሌ ወዲያ፣
ሸሚዝ የምትሰፋ፥ ላላየችው ገበያ፣
ሌሊት ስትስል፥ እየሰማሁ በግድግዳ
ኪራይ መቀበሉ፥ ሆነብኝ እንደ ዕዳ።

አንድ ቀን ተነሣሁ፥ ቁጠባዬን ፈታሁ፤
ጭቃውን አፍርሼ፥ በብሎኬት ተካሁ፤
ሊሾ አስለሰንኩኝ፥ ኮርኒስ አስመታሁ፤
በምሥራቁ በኩል፥ መስኮት አስወጣሁ።
ግንበኛው ዘለለው፥ ፊደል የሚያታክተው፣
ሂሳቡን በሲጋራ፥ ካርቶን ላይ ቸከቸከው።
ሲሚንቶና መስኮቱ፥ ከሱቅ የገዛሁት
ከማሽን የወጣ፥ ደረሰኝ አለበት።

«ጥገና ነው አባባ፥ ወይስ ማሻሻያ?»
አለችኝ እንግዳሸት፥ ከመስታወት ወዲያ።
አላወቅሁም። ልጂቱ፥ ብዕሯን አንሥታ
አስረዳችኝ በቀስታ፥ ሰልፉን ሁሉ ትታ፦
«የነበረን ሲደፍኑ፥ ያ ጥገና ይባላል፤
ከዘንድሮው ገቢ፥ ባንዴ ይቀነሳል።
ያልነበረን ሲያክሉ፥ ማሻሻያ ይሆናል፤
በእርጅና ቅናሽ፥ ሃያ ዓመት ይቆያል።»

«ሃያ?» አልኩኝ ስቄ፤ «ሰባ ሊሞላኝ ነው።
የቤቴን እርጅና፥ መንግሥት ሲቀንሰው፣
የኔን ማን መዝግቦ፥ በስንት ነው የሚያስበው?»
ሣቀች። ሣቋ ግን፥ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።
«ደረሰኙን ያምጡ፤ ያለ እሱ አይሆንም።»

ፌስታሉን ፈታሁት፥ በኩራት በኩራት፤
ወረቀቱ ወጣ፥ ቁጥር የሌለበት።
ገለበጥኩት፤ ነጭ።
ወደ አምፖሉ ባነሣው፤ ነጭ።

ለካ መስኮቱ ሲገጠም፥ ደፉ ላይ ረስቼው
ዘርትሁን ኖራለች፥ ጠጠር የጫነችው፣
ነፋስ እንዳይወስደው። ነፋስን ታውቃለች፤
ፀሐይ እንደምትሰርቅ፥ ከየት ታውቃለች?
ከጥር እስከ ግንቦት፥ ጠዋት ጠዋት ገብታ
ቀለሙን ላሰችው፥ ቁጥሩን አንድ ባንድ ፈትታ።
ትናንት መብራት ጠፍቶ፥ በዳበሳ ከተትኩት፤
ባዶውን ወረቀት፥ ከዝናብ ጠበቅኩት።
በብርሃን ስም በምትጠራ፥ ከተማ ኖሬ ኖሬ፣
ብርሃንን በሌብነት፥ መቼ ጠርጥሬ?

ደግሞ የሚገርመው፥ የሲጋራው ካርቶን፣
በቢክ የተጻፈው፥ ጥቁር ነው እስካሁን።
ሕግ የማያውቀው፥ ጥርት ብሎ ይነበባል፤
ሕግ የሚያውቀው ግን፥ ነጥቶ ተኝቷል።

«ሱቁ ቅጂ ይስጥዎት» አለችኝ፤ ሮጥኩኝ።
ባለሱቁ ከባንኮኒው፥ ቀና ብሎ አየኝ፤
«ማሽኑ ራሱ፥ ለጥገና ሄዷል።»
ጥገና ነው ወይስ ማሻሻያ? ልለው ዳድቶኛል።

ምን ብዬ ላመልክት፥ ማንን ሄጄ ልክሰስ?
መስኮት ደረሰኜን፥ በላው ብዬ ላልቅስ?
ገጣሚው ቤት ይመታል፤ እኔን ቤት መታኝ።
ከፈልኩት ሙሉውን፤ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ማታ ከግድግዳው፥ ጆሮዬን ጣል አረግሁ፤
ሳል የለም። ደግሜ፥ ትንፋሽ ውጬ ሰማሁ።
የለም።
መዝገቤን ገልጬ፥ «ገቢ» ከሚል አምድ ሥር
«ዝምታ» ብዬ ጻፍኩ፥ ያለ ምንም ቁጥር።

ይህቺን ግን ለእንግዳሸት አላስታወቅሁም።