ክሬን ላይ የተበላ ካሮት

እሱ ሰማይ ላይ ነው፣ እኔ ከመሬቱ፣
በእጄ ምልክት ነው የሚወርድ ብረቱ።
ሃያ ሁለት ዓመት በግዲኒያ ወደብ
በሲጋራ ጭስ ነው የምንተሳሰብ፤
ከላይ ጭስ ሲታየኝ «ዘኖን አርፏል» እላለሁ፣
እኔም የኔን አውጥቼ ክብሪት እጭራለሁ።

ቡናው በብርጭቆ፣ ዝቃጩ ከሥሩ፣
ሳይቀዘቅዝ ገና ሲጋራው ከዳሩ፤
«ያለዚህ ያ አይጥምም» ይላል ሲከራከር፣
እንደ ባልና ሚስት ሲያጋባቸው ነበር።

ሐኪሟ ደረቱን አድምጣ ዝም አለች፣
መነጽሯን አውልቃ በመስኮቱ አየች።
«ክሬንህ ስንት ደረጃ?» «መቶ አርባ ሁለት።»
«ስንት ጊዜ ታርፋለህ?»
                    ቀንሶ ነገራት።

ሦስቴ ተወ እኮ፤ ሦስቴም ተመለሰ፣
ማስቲካውን ሁሉ አኝኮ ጨረሰ፤
ክንዱ ላይ ፕላስተር ደርቦ ለጠፈ፣
ቡናው ሲፈላ ግን ሁሉም ነገር ረገፈ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ቡና አልቆ ከቤቱ፣
ኬፊር ብቻ ተርፎ፣ ኮምጣጣው ወተቱ፣
ሙሉ ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣ፣
ሲጋራ ለኩሶ ደጃፉ ላይ ወጣ።
ተፋው!
«የተቃጠለ ሱፍ፣ የቆርቆሮ ዝገት፤
ፋብሪካው ተበላሸ? ወይስ እኔ ነኝ የሞትኩት?»
ሌላም አንድ ለኮሰ። ሌላም። ያው ነው ጣሙ፤
አመድ፣ እንደ ስሙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላይ ሆነ ዘኖን፣
ምላሱን እየላከ ሊያጠና ጠላቱን፤
በደረሰኝ ጀርባ በእርሳስ ጻፈልኝ፣
በብሎን ጠቅልሎ ከላይ ወረወረልኝ፦

    «ከቋሊማ በኋላ፦ ትጣፍጣለች።
    ከቢራ በኋላ፦ ትስመኛለች።
    ከቡና፦ አትጠይቀኝ።
    ከብርቱካን፦ ትጎመዝዛለች።
    ከሰለሪ፦ ትመራለች።
    ከወተት፦ እርጥብ ውሻ ትሸታለች።
    ከውሃ፦ ዝም ትላለች።»

እንግዲህ ምሳው ላይ ቋሊማው ቀረና
ጎመንና ባቄላ፣ ፖም ደግሞ ተካና፣
ሳቅንበት ሁላችን። «ጥንቸሉ!» አልነው።
እሱ እቴ፤ ምን ገዶት። ጠርሙሱን ጨለጠው።

ግን የቴኦፊል ዕለት፣ በስሙ በዓል ቀን፣
ጠረጴዛው ሞልቶ፣ እኛም ታድመን፣
የጨው ዓሣ በሽንኩርት፣ ሥጋው እየጨሰ፣
ቮድካው በብርጭቆ ጢም ብሎ ፈሰሰ።
በሦስተኛው መለኪያ ጣቱ መንቀጥቀጥ ያዘ፣
በአራተኛው እጁ ወደ ኪሴ ተጓዘ።
የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ክብሪቱንም ጫርኩ፣
ሲስቅ ደስ አለኝና አብሬው አጨስኩ።
(ልናዘዝ መቼስ፦ ያመለጠኝ መስሎኝ፣
ጭሱ ውስጥ ብቻዬን መቅረት ነው ያስፈራኝ።)

በነጋታው መጣ ዓይኑ ቀልቶ አብጦ፣
አልወቀሰኝም፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣
«ሌባዋ ሲጋራ፤ ቮድካ በር ከፋች፤
ቋሊማም ውሻውን ዝም ያሰኘች።»
«ቡናስ?» ስለው ጊዜ ባሕሩን አየና፣
«ቡናማ ዘመድ ነው፤ ይቆይ እስክጠና።»

አርባ አንድ ቀኑ ነው። ድኗል አልላችሁም።
ጣቶቹ ባዶውን መያዝ አልተዉም፤
ሲናደድ ከንፈሩን እንደ ድሮው ያሾላል፣
ከዚያ ውሃ ይጠጣል፣ ደግሞም ውሃ ይጠጣል።

አሁን እረፍት ሲሆን ጭስ የለም ከሰማይ።
ሬዲዮውን ረስቶ ከፍቶት ከዚያ ላይ
«ቅርጭም፣ ቅርጭም» ይላል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ፤
ካሮት ነው። መርከቡ፣ ወደቡ፣ ሁሉ ተረስቶ።

ትናንት በቀጭን ገመድ አንድ ነገር አወረደልኝ፣
በጋዜጣ የተጠቀለለ።
ካሮት። የታጠበ። ጫፉ የተቆረጠ።
ቃል የለውም። ደረሰኝም አልጻፈ።

ሲጋራዬ በቀኝ፣ ካሮቱ በግራ፣
የብረቱ ሣጥን ከላይ ሲያንዣብብ፣
ምልክት ልሰጥ ብል
ሁለቱም እጄ ተይዟል።

ክሬኑም ቆሞ ጠበቀኝ።