የጥጥ በረዶ

ካናዳዊ ነበር፣ ሙሴ ኦሬል ስሙ፣
ሲጽፍ በላቡ ነው የሚርስ ቀለሙ።
ከዚራ ጥላ ሥር፣ የጭነት ደረሰኝ
ጀርባው ላይ ሞነጫጭሮ፣ "እስቲ አንብበው" ሲለኝ፣
እኔ እንደሆን ያኔም መጋረጃ ሳቢ ነኝ።

አሥራ አንድ ተውኔት ጽፎ፣ አንዱ ብቻ ታየ፤
ምድር ባቡር ግቢ፣ በግንቦት ወበቅ፣
ሰማንያ ሰው ያህል እያላበው ቆየ።

"በረዶ ይጥላል" ይላል መክፈቻው።
"ጣሪያውን እየመታ?" አለች ፈትሒያ።
"ሳይመታ" አላት። "ዝም ብሎ።"
ዝም የሚል በረዶ ድሬ ላይ ማን ያውቃል?

አባቷ ከፋብሪካው ሁለት ከረጢት ጥጥ
በጋሪ ጭኖ መጣ፣ ሳይነግር ለዘበኛ።
ከላይ በተንነው።
ላባቸው ላይ ተለጥፎ
ቅንድብ ሆነ፣ ጢም ሆነ፤
ልጆቹ ባንድ ማታ ሸመገሉ፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ፤
ሙሴ ግን ከመጋረጃው ኋላ፣
ገመዱን ከኔ ጋር ይዞ አለቀሰ።

ሣጥኑን ከነጽሑፉ ደቻቱ ሞልቶ ወሰደው።
አገሩም ስሙን የሚያነሣ መኖሩን እንጃ።

ትናንት ታይዋን ገበያ፣
ፈትሒያ ሽበቴን አየችና፣
"ይሄ ጥጥ እስካሁን አልረገፈም?" ብላ
ልታራግፍልኝ እጇን ዘረጋች።