ቅማንጅር

የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ሲቆላ በቦሳ፣
ባትሪ በጥርሴ ይዤ፣ አመድ ባሮጌ ጣሳ፣
ጎንበስ ብዬ ገባሁ ከዶሮዎቹ ቤት፤
ቀን አይጨበጡም፣ ይሻላል ሌሊት።

ገብስማዋ እንቁላል ከነሳችን ወዲህ
ሦስት ሳምንት ሆናት፤ ትቆማለች እንዲህ፣
ዓይኗን ከደን አርጋ፣ ላባዋን ነፍታ፣
ጥሬ ሲበተንም ለሌሎቹ ትታ።

«የቆጡን አወርድ ብላ…» ይሉ ነበር ድሮ፤
እኔ የቆጧን አውርጄ ብብቷን ብገልጠው ዘንድሮ፣
ቅማንጅር!
እንደ ሂርማታ ሐሙስ ተጋፍቶ፣ ተራግጦ፣
ሻጭም ገዢም ሆኖ፣ ለደሟ ዋጋ ቆርጦ፤
ቅጫሙ ከላባ ሥር እንደ ጤፍ ፈጦ።

«ዱቄቱን ካመድ ቀይጥ» ብላኛለች ሙኒባ
ከመድኃኒት ቤቷ፣ «ከክንፍ ሥር፣ ከጭራም ላባ።
ቆጡን በነጭ ጋዝ፣ ስንጥቁ ሳይቀር፤
ባሥረኛው ቀን ድገም፣ ይፈለፈላል ዘር።»
ያልነገረችኝ ግን፣ አውራው ሲቆጣ
በሹራቤ በኩል ጥፍሩ ደሜን እንደሚያወጣ።

ገብስማዋ ዝም አለች። ስነሰንስ ቀስ አድርጌ
ጭንቅላቷን ጣለች ከክርኔ ጥግ፣ ከግርጌ።
እንዲህ የታመነኝ ማን ነበር?
አላስታውስም።

ስወጣ ሊነጋ ነው። በላኝ ማጅራቴን፣
ቀጥሎ ክርኔን፣ ከዚያ የማልደርስበት ጀርባዬን።
ሹክሪያ ከደጃፉ ባትሪዬን ነጥቃ፣
ሻሿን አጥብቃ፣ መነጽሯን አጥልቃ፣
«እንዳትገባ!» አለች፣ «እዚያው ቁም!»
ሠላሳ ዓመት አብረን፣
ጀርባዬን ይህን ያህል አይታው አታውቅም።
«ክንፍህን አንሣ» አለችኝ።
አነሣሁ።